የተመለሰው ገብስ

ሳጉሬ፣ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደአማኑኤል፣

ሰላምታዬ ከሳጉሬ ተነስቶ ሐረር እስኪደርስ መንገድ ላይ ያልቃል ብዬ አብዝቼ ልኬዋለሁ። እንዴት ነህ? ሳልህ ተወህ? ያ ልብስ የሚያጥብልህ ሰውዬ አሁንም ካልሲህን ነጠላ ነጠላውን ነው የሚመልስልህ?

መልስ በማዘግየቴ ይቅር በለኝ። የሰማኸው እውነት ነው፣ ውርጭ መትቶናል። አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከደጄ እስከ ጭላሎ ግርጌ ያለው ገብስ ሁሉ ነጭ ለብሶ አገኘሁት። ፀሐይ ስትወጣ ነጩ ቀለጠ፤ ገብሱ ግን እንደቆመ ቀረ። ዛላውን በእጄ አሽቼ ብነፋው ገለባ ብቻ ነው። እኔስ የአምናው እህል በጎተራ አለልኝ። ባሻ ነፍሱን ይማረውና ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚያውቅ ባል ነበር። የተጎዱት ጭሰኞቹ ናቸው።

ከዲሮን መቼም አልረሳኸውም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጭሰኛዬ፣ ልጅ ሳለህ ፈረስ መጋለብ ያስተማረህ። ሚስቱ ሀሊሜ አራስ ናት፤ ጡቷ ደርቋል። ትልቋ ልጃቸው ኢፍቱ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ብሄድ ልጅቷን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ልጅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ አልወድም። «እስከ መጪው እሸት እኔ ዘንድ ትቆይ፤ እናንተም ከጎተራዬ እየመጣችሁ ውሰዱ» አልኳቸው። ሀሊሜ እጄን ሳመችኝ። ከዲሮ ፊቱን አዞረ፤ ሲያለቅስ እንዳላየው መሰለኝ።

ልጄ አስካለዬ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የልጅ ድምፅ አልተሰማም ነበር። ቀሚሷን ከሳጥን አውጥቼ ለኢፍቱ ባለብሳት ልክ ሆናት። እንግዲህ የአባታችን ልጅ ነኝና ወንጌል የሚለውን ማድረግ አለብኝ። አንተ ግብረ ገብ ታስተምራለህ፤ እኔ ደግሞ እሠራዋለሁ።

እህትህ ጥሩሰው

---

ሐረር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ጥሩሰው፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሳሉ ትቶኛል፣ ካልሲዎቼ ግን አሁንም አልተገናኙም።

ደብዳቤዎን ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። ስለ ልግስና ሳስተምር ከመጽሐፍ ምሳሌ መፈለግ ሰልችቶኝ ነበርና «ይኸው የእኔ እህት» አልኳቸው። አንዱ ተማሪ ተነስቶ «እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በዚህ ዘመን አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ደረቴ ምን ያህል እንደተነፋ ቢያዩ ይስቁብኝ ነበር።

በኋላ በላኩት ብጣሽ ወረቀት ኢፍቱን ስለ ማስጠመቅ የጠየቁኝን አስቤበታለሁ። በእኔ በኩል የሚከለክል ነገር አይታየኝም። እንጀራ ዛሬ ይበላል፣ ነገ ይራባል፤ ልጅን ወደ ክርስቶስ ማቅረብ ግን ከእህል የሚበልጥ ስጦታ ነው። የነፍስ አባትዎም ይህንኑ ይሉዎታል ብዬ አምናለሁ።

ከዲሮን ሰላም ይበሉልኝ። ያቺ ቦራ ፈረሱ አለች?

ታዛዥ ወንድምዎ ወልደአማኑኤል

ማስታወሻ፦ ታዲያ ወላጆቿን መጠየቅ አይርሱ።

---

ሳጉሬ፣ የካቲት 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ፈረሷ ሞታለች። መኖ ከየት ይመጣል ብለህ ነው?

ስለ ጥምቀቱ እንድጽፍልህ ብለሃል። በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ወንዝ ዳር ባደረበት ቦታ ተጠመቀች። ውሃው ሲነካት አላለቀሰችም፣ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ክርስትና ያነሳቻት ጎረቤቴ መሰረት ናት። ሕዝቡ እልል አለ። የነፍስ አባቴ ግንባሬን በመስቀል ዳስሰው «ሥጋዋን ከረሃብ፣ ነፍሷን ከጨለማ ያወጣሽ ጻድቅ» አሉኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኛል። ይህን ስጽፍልህ ትንሽ እንደኮራሁ አልደብቅህም። ልጅ የቀበረች ሴት እልልታ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው?

ልጅቷ ወፍራለች። እማማ ትለኛለች። አማርኛውን ቶሎ ያዘችው፤ «ዶሮዋ እንቁላል ጥላ እንደ አዋጅ ነጋሪ ትጮኻለች» ብላ በሳቅ ልትገድለኝ።

ክርስትና ስሟን ጠይቀኸኛል። ስለ ወላጆቿ ፈቃድም ጠይቀኸኛል። ወፍጮ ቤት የሚሄደው ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።

እህትህ ጥሩሰው

---

ሳጉሬ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1951 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ደጋግመህ ጽፈህልኝ ዝም በማለቴ አትቀየመኝ። ታምሜ አይደለም። ዘንድሮ እግዚአብሔር ምሮናል፣ ገብሱ ደኅና ነው፤ ብቅሉንም ጀምሬአለሁ። በቅሎዬ እግሯን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ቅቤ ልልክልህ ፈልጌ የሚሄድ መኪና አጣሁ።

ወላጆቿ መጥተው ነበር ወይ ብለሃል። መጥተዋል። እሸት ይዘው፣ ቅቤ ይዘው፣ ሀሊሜ ለእኔ ብላ የሠራችውን ቆንጆ የወተት ዕቃ ይዘው መጡ። ከጎተራ እየወሰዱ ክረምቱን ተሻግረዋል፤ ለምስጋና ነው የመጡት፣ ልጃቸውንም ሊወስዱ። ቁጭ አሉ፣ በሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ልጅቷ ስትገባ ከዲሮ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየ። ሀሊሜ «ይህ ክር ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ወሬ ነው፤ ለወሬ የለው ፍሬ። ልጅቷን ለጊዜው እኔ ዘንድ አቆይቻታለሁ። የነፍስ አባቴም «ማተብ ያሰረች ነፍስ አሳልፈሽ ብትሰጪ በመጨረሻው ቀን ከእጅሽ ትፈለጋለች» ብለውኛል። እኔ ታዲያ ከሳቸው ልበልጥ ነው? አንተም ከፊደል ቆጣሪ አንዱ ነህና ታውቀዋለህ።

እስከ ፋሲካ ትቆይ ብያቸዋለሁ።

ጥሩሰው

---

ሐረር፣ ኅዳር 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ለዛሬ ይለፉኝ።

መሰረት ጽፋልኛለች። ክርስትና እናቷ እሷ ስለሆነች ነገሩ እረፍት ነስቷታል። እርስዎ ወላጆቿ ፈቅደዋል ብለው እንደነገሯትም ጽፋለች። ስሙንም የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ «ማን ተባለች?» እያልኩ ስጠይቅዎት እርስዎ ስለ በቅሎ እግር ይጽፉልኝ ነበር። አስካለ ማርያም። እትዬ፣ የሞተችው ልጅዎን ስም፣ የሞተችው ልጅዎን ቀሚስ! እኔ አስካለን በጀርባዬ ነው ያዘልኳት፤ እሷ ብትኖር ይህን ሲያደርጉ አይታ ምን ትል ነበር?

ለተራበ ማብላት ሕግ ነው። የገበያው ኸይሩ እንኳ ነጋዴ ነውና ጨው ሲሸጥ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል። እርስዎ እህሉን አስበልተው ከጨረሱ በኋላ ነው ዋጋውን የነገሯቸው።

ከዲሮ ዳኛ ዘንድ አልሄደም፣ ስለዚህ ተስማምቷል ብለው እንዳይጽፉልኝ። ጭሰኛ ባለመሬቱን ከሶ የት ያርሳል? ዝም ያለው ስለፈቀደ አይደለም።

ልጅቷን ይመልሱ። እስከ ፋሲካ አይደለም፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ቀን። እስኪመልሱ ድረስ በዓል ለማክበር ወደ እርስዎ ቤት አልመጣም።

ወልደአማኑኤል

---

ሳጉሬ፣ ጥር 14 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለመምህር ወልደአማኑኤል፣

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። «ከእህል የሚበልጥ ስጦታ ነው» ያለኝ ማን ነበር? ደብዳቤህ እዚህ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ወላጆቿን ጠይቂ ያልከውን ከፊርማህ በታች፣ ትራፊው ወረቀት ላይ፣ ዘይትና ክብሪት እንደሚያዝ ሰው ነው የጣልከው። በእኔ ጽድቅ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ደረትህን ነፋህ። አሁን ሲከፋ ብቻዬን ነኝ።

በኋላ በላክኸው ደብዳቤ ሽማግሌ መጥቷል ወይ ላልከው፣ መጥቷል። ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ የእኛዎቹ እንኳ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ምን መለስሽ ላልከው፣ የነፍስ አባቴ ያሉትን መለስኩ። ከዲሮ ሲወጣ አመሰገነኝ። ክረምቱን ስላበላሁት። ያን ቀን ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መሬቴን ልቀቅ ብዬ አላስፈራራሁትም። ይህን እወቅልኝ። አትልቀቅ ብዬም አልነገርኩትም፤ ይህንንም እወቅ።

ልጅቷ ጠግባ ታድራለች። ንጹሕ ትለብሳለች። ዳዊት ላስጀምራት ነው። ኦሮምኛዋን እየረሳች ነው፣ ምን ላድርግ፣ የሚያናግራት የለም። ልጅ በጠገበበት ቤት ቢያድግ ምን ይጎዳል? አንተንስ እናታችን ስትሞት ወስጄ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም? ያኔ ምነው የሰው ልጅ ነጠቀች አላልክ?

ለፋሲካ ካልመጣህ አትምጣ። በግ እንደሆነ ሌላም ሰው ይበላዋል።

ጥሩሰው

---

ሳጉሬ፣ ሰኔ 6 ቀን 1951 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። አንተም የእኔን ተቀበል፤ ያቺን የበግ ነገር ከላኳት በኋላ አልቅሻለሁ።

ልጅቷን መልሻለሁ።

ምን ልብሽን ለወጠው ብለሃል። ያንተ ደብዳቤ ነው ብል ደስ ይልህ ነበር። አይደለም። በገበያ ቀን ሀሊሜ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ልጇን በስሟ ጠራቻት። እኔ እየሮጠች ትወጣለች ብዬ በሩን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ልይዛት ነው የቆምኩት። አልወጣችም። ስፈልጋት ከአልጋዬ ሥር ገብታ አፏን በሁለት እጇ አፍና አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «አዮ ብዬ እንዳልመልስ፤ እማማ ታዝኛለሽ ብዬ» አለችኝ።

በእናቷ ቋንቋ እናቷን መጥራት ስርቆት መስሏታል። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በአንድም ቃል ሳልናገር። ወልደአማኑኤል፣ ልጄ በሞተች ጊዜ እግዚአብሔርን አማርሬዋለሁ። ያን ቀን ግን እሱም እኔን ሳያማርረኝ አይቀርም።

ወዲያው በበቅሎ ጭኜ ወሰድኳት። ሀሊሜ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ነገረቻት፤ ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ምን ትላለች?» አለችኝ። ተረጎምኩላት። ይህን ለጠላትህም አልመኝለትም፣ እናት ለልጇ የምትለውን መሐል ቆሞ መተርጎም። ወተት ሰጡኝ፣ ጠጣሁ።

የነፍስ አባቴ ተቆጥተው ከቁርባን አግደውኛል። ቀድሞ መንገድ የሚለቁልኝ ሴቶች አሁንም ይለቃሉ፣ ግን እንዳልነካቸው ነው።

አሁን እንዴት ናቸው ብለሃል፣ አላውቅም። ልጅቷን በመለስኩ ሳምንት መሬቱን ለቀው ወደ ጮሌ፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ሊያጭዱት የደረሰውን የበልግ ገብስ እንኳ ትተው። ፈርተውኝ ነው። መልሼ እንዳልወስዳት።

እህትህ ጥሩሰው

---

ሐረር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን እንዲጠብቅልኝ እጸልያለሁ። እኔ በሥራ ብዛት ነው የዘገየሁት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። የምጽፈው ስላጣሁ ነው።

የእርስዎን ታሪክ ለተማሪዎቼ መንገር ከተውኩ ቆየሁ። ያ ተማሪ በሌላ ቀን አግኝቶኝ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አለኝ። ደኅና ናት አልኩት። በእርስዎ መፍረድ ቀሎኝ ኖሯል፤ እኔ እኮ ከዲሮ ኮርቻ ላይ ያወጣኝ ልጅ ነኝ፣ «ጠይቁት» የሚለውን ግን ከፊርማዬ በታች አስቀመጥኩት።

አሁን ከአሰላ የመጣ ሰው ዘንድሮም ውርጭ እንደመታችሁ ነገረኝ። ጮሌም አላመለጠችም ይላል። እትዬ፣ አንድ ጊዜ ወደቅን፤ የወደቀ ሰው ተነስቶ መንገዱን ያይ የለም? ለከዲሮ ቤት እህል ይላኩ። በራስዎ እጅ አይሁን። ኸይሩ ወደዚያ ስለሚነግድ በእሱ ይላኩት፣ ምንም ቃል አይጨምሩበት፤ ሰላምታም ቢሆን።

ከላኩም ደረሰ ወይ፣ ልጅቷስ እንዴት ናት፣ በቁርጥ ይጻፉልኝ። ስለ በቅሎ አይጻፉልኝ።

ወንድምዎ ወልደአማኑኤል

---

ሳጉሬ፣ የካቲት 28 ቀን 1952 ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደአማኑኤል፣

በቁርጥ ጠይቀኸኛል። ከዚህ በፊት ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። መሰረት ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፣ እንቢ አልኳት። ካንተ አፍ ሌላ ሰው ነገረኝ የሚል ቃል ደግሜ እንዳልሰማ።

እህሉን ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ነው የላክሁት። ይህን ለመመጻደቅ አልጻፍኩትም፤ ያንተን ምክር ጠብቄ ዘገየሁ ብለህ እንዳትጸጸት ነው። ኸይሩ አህዮቹን ጭኖ ሄደ፣ እንደጫነ ተመለሰ። ከዲሮ ደጅ ላይ ቆሞ በትሕትና «አምና ካቻምና የበላነውን በልጃችን ከፍለናል። አሁን የምንከፍለው የለንም በልልኝ» አለው።

ኸይሩን ለምኜ መልሼ ላክሁት። «የራሴ ነው፣ ለሰደቃ ነው በላቸው» አልኩት። ሙስሊም ለሙስሊም ቢሰጥ ይቀበላሉ ብዬ። ከዲሮ ከጆንያው ዘግኖ አየው። ያ ጥቁር ገብስ እኔ ማሳ ላይ እንጂ በአካባቢው የለም፤ ስንት ዓመት ያጨደው እሱ ነው፣ እንዴት አያውቀው? የዘገነውን መልሶ ጆንያው ውስጥ ጨመረና አፉን አሰረው። ኸይሩ ከራሱ ሱቅ ጥቂት ዱቄት ሰጥቷቸው መጣ። እሱን ተቀብለዋል። ግን ኸይሩም የልጆች አባት ነው፣ ምን ያህል ይሰጣል?

እኔም ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ ሲያዩሽ ልጅቷን ይዘው ወደ ቆላ ይሸሻሉ ብላ መሰረት ያዘችኝ። ቀረሁ። ልክ ነበር ወይስ አልነበረም፣ አንተ አስተማሪ ነህ፣ ንገረኝ።

ኢፍቱ በጥር መጨረሻ ሞተች። ረሃብ ያደከመውን ትኩሳት ወሰደው። ጎተራዬ ውስጥ እህል ነበር።

ሰምቼ ሄድኩ። ጮሌ ስደርስ ተቀብራለች። ማንም አልከለከለኝ፣ ማንም አላናገረኝ። ሴቶቹ በተቀመጡበት ጥግ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ሲቀንስ ሀሊሜ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሰደባለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ ለስድቡም ነበር የሄድኩት።

በኦሮምኛ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «አዴ ጥሩሰው፣ ውሃው ላይ ያወጣችሁላት ስም ማን ነበር? ያኔ ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም፣ ልቤ ጠፍቶ ነበር። በወዲያኛው ዓለም በዚያ ስም ቢጠሯት አታውቀውምና ትደነግጣለች። በዱዓዬ ልንገራት።»

ወንድሜ፣ አስካለ ልላት አፌን ከፈትኩ። ስሙ እዚህ ምላሴ ላይ ነበር። ብነግራት ከልጇ ቀጥሎ የልጇን ስም የወሰድኩባት ለምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ደግሞም እስክትሞት ድረስ ልጇን በሌላ ሰው ልጅ ስም ስታስታውስ ትኖራለች።

«ሌላ ስም አልወጣላትም» አልኳት። «ውሃው ላይም ኢፍቱ ነው የተባለችው።»

ሀሊሜ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ተነስታ ወደ ሴቶቹ ሄደች።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ልጅቷን ባስጠመቅኩ ቀን ጻድቅ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጥምቀትን የካደች አንደበት ብለው ጾምና ስግደት አዘዙኝ። እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ። ግን አልተጸጸትኩም፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። በዕድሜዬ ለሰው ሰጥቼ መልሼ ምንም ያልፈለግኩበት ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ እሷም ውሸት ሆነች።

እህትህ ጥሩሰው